ሐረጎን ሲወርድ

አባቴ ይመር ነው፣ ሰኞ ገበያ ላይ ሬዲዮ ጠጋኙ።
ትቶልኝ የሄደው አንድ ያረጀ ካውያ፣ ጫፉ የተበላ፣
ሦስት ካርቶን ሙሉ ትራንዚስተር፣ ጥቅል ሽቦ፣ ሌላም ሌላ፣
እና አንድ ሣጥን፣
ለጥገና ሰጥቶት ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረበት፣
የፈረንጅ ሲንተሳይዘር፣ ግማሽ ጎኑን አይጥ የበላበት።

ሰባት ክረምት ፈጀብኝ።
የጎደለውን ሞጁል ቁጭ ብዬ በየድኩ፣
ለፊቱ ሰሌዳ የዘይት ቆርቆሮ ቆረጥኩ፣
ለጎኑ የእናቴን የቁም ሣጥን በር ነቀልኩ።
እስከ ዛሬ ልብሷን በመጋረጃ ነው የምትጋርደው፤
ስትቆጣ ታዲያ
"ያ ጩኸታም በሬ!" ነው የምትለው።

ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ
ኦሲሌተር እንደ ሰው ነው፣ ጉሮሮው ይዘጋል፤
ባቲን ስፈልግ አምባሰል፣
አምባሰል ስል ስም የሌለው ቅኝት ይሆናል።
እጄን እጭንበታለሁ፣ እንደታመመ ልጅ ግንባር፤
ይመለሳል ቀስ ብሎ፣
ከዚያ ደግሞ ይንሸራተታል በዳር።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ተጠራሁ፣ በፈትል ፋብሪካው ክበብ፤
ሌሊቱን ሙሉ ቃኘሁ።
አርባ ሁለት ገመድ፣ እያንዳንዱን ከነጉድጓዱ፣
በተማሪ ደብተር ሣልኩት፣ ቀዩ ከየት፣ ወዴት የሰማያዊው መንገዱ።
ትውስታ የለውምና።
ገመዱ ሲነቀል ዜማው የለም፣ እንዳልነበረ ነው ሁሉ፤
ትናንት የሚባል ነገር
አልተበየደም ከአካሉ።

በአይሱዙ ኋላ፣ በሽንኩርት ጆንያ መሐል፣
ሣጥኑን በፎጣ ጠቅልዬ ታቅፌ ሐረጎን ስወርድ
ጆሮዬ ይደፈናል፣ ይከፈታል።
ሹራቤን አወለቅኩ ገና ሳንጨርስ ቁልቁለቱን፤
እሱም ያወለቀ መሰለኝ የደሴን ቅኝቱን።
ክበቡ ደርሼ ስሰካው
ያ ሁሉ የሌሊት ልፋት አንድ ጣት ያህል ተሰቅሏል።
"ሙቀቱ ነው" አልኩት ለእንድሪስ፣ ለድምፅ ሰውዬው።
"ሰውም እንዲሁ ነው" አለኝ፣ "የመጣ ቀን ይጮኻል።"

መድረክ መሪው ወረቀቱን አየ፣ ገመዱን አየ፣
"አሁን ደግሞ ጦይባ ይመር በ… በ…" አለ፤
"በኤሌክትሪኩ!" ብሎ ተገላገለ።
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ የታችኛውን ሞገድ ለቀቅኩት።
የለስላሳው ጠርሙስ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ሰከረ፤
"ስምንት ቁጥር!" ብላ ጮኸች አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር፣
"የኔ ማሽን! ሲነሣ ድምፁ እንዲህ ነበረ!"
አጨበጨቡ፣ በመፍተያው ምት፣ በየፈረቃቸው፤
ቁልፉ በእጄ ነው እንጂ
ያን ሰዓት የሚያዞሩት እነሱ ናቸው።

አንድ ሽማግሌ ከፊት፣ ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣
"ልጄ፣ ትዝታን አያውቅም እሱ?" አሉኝ።
ምን ልበላቸው?
ከደቂቃ በፊት ያለው ለራሱም ይጠፋዋል።
ደብተሬን ዘጋሁ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤
አራቱን ድምፅ አገኘሁ፣
አምስተኛውን ስፈልግ
መብራት ጠፋ።

ማንም አልወጣም።
መስኮት ተከፈተ፣ የቦርከና ነፋስ ገባ፤
ጄኔሬተሩ ውጭ ብዙ አስሎ ብዙ ቆይቶ ተነሣ።
ማሽኔም ነቃ፣ በርዶት፣
ከሥር ጀምሮ፣ እየሳተ፣ እየተንፏቀቀ፣
ስሙ ምላሱ ላይ ሆኖ እንደጠፋው ሰው
እየሞቀ፣ እየሞቀ፣
ወደዚያች አምስተኛ ድምፅ።
እጄን አነሣሁ። አልነካሁትም።
ደረሰባት፤ አለፋት፤ ተመለሰ።
ሽማግሌው ከከዘራቸው ላይ
አንድ ጣታቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሌሊት ገመድ ስሰበስብ አርባ አንድ ሆነብኝ፤
አንዱ የት እንደገባ እንጃ።
"ለሚመጣው ቅዳሜ ያንኑ ድገሚልን" አለኝ እንድሪስ።
"በሬ ነው" አልኩት፣
"የትናንቱን ትልም አይጠየቅም።"
ሳይገባው ሳቀ፣ ሣጥኑን አሸከመኝ።

ሐረጎን ስንወጣ፣ ጉሙ ጋ ስንደርስ፣
በፎጣው ውስጥ ሲበርደው ተሰማኝ፤
እጄን ጫንኩበት።